ሸረሪት መብራት አትጠብቅም

ዛሬ አባቴ በአንድ ቃል ረቱኝ።

ከገጠር ቀያችን ከዘንገና ወደ ቆሰበር ገበያ ወጥተው፣ በዚያው የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። በኤሌክትሪክ የምፈትለውን፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር አሳየኋቸው። መድኃኒት ስላለበት ቁስል ላይ ሲለጠፍ ጀርም ይገድላል አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አዩት። "ይሄማ የሸረሪት ድር ነው። እኛስ ማጭድ ሲቆርጠን ከጣሪያ አውርደን እንለጥፍ የለ?"

"ኧረ አባዬ፣ የእርስዎ ድር እኮ ራሱ ጀርም አለበት" ብዬ ልዩነቱን ላስረዳ ስል መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ፤ ነገ ለአማካሪዬ የማሳየው ናሙናም እንደተጀመረ ቀረ።

አባዬ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ "ሸረሪቷስ መብራት አትጠብቅም" አሉ።

ናሙናው ቢቀርም፣ ስንት ቀን የጠፋኝ የጥናቴ መግቢያ ከዚህ ቃላቸው ተገኘ።

እናንተስ? ስትራቀቁ ወላጅ በአንድ ቃል የረታችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ተረትቼ አልቅር።