ከወንበሩ ሆድ የቆረጥኩት ቋጠሮ

ይህን ለባሌም ለጸሎት ጓደኞቼም ነግሬ አላውቅም። ወሬ እወዳለሁ፤ አንዱን ታሪክ አራቴ አውርቼ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። ይሄን ግን ዘጠኝ ዓመት ዋጥኩት።

ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌ ወንበር እየፈታሁ ነው የለመድኩት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ላሊሶ የአባታቸውን ቮልስ ሲያሳድሱ ወንበሩን ለእኔ ሰጡኝ። "ጨርቁን ብቻ፣ ልጄ። ውስጡን እንዳትነኪብኝ" አሉኝ። ነካሁት። ወንበሩ የተሞላበትን የኮኮናት ቃጫ አይጥ ቦርቡሮት ነበር፤ ሳልጠይቃቸው አውጥቼ ጣልኩና ስፖንጅ ሞላሁበት። ከዚያ "እንደነበረ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ምን ነበረበት ብጠይቃቸው? አላወቀችበትም እንዳይሉኝ ፈራሁ።

መኪናው አልቆ የአሮጌ መኪና ማኅበር ሰዎች ሊያዩት መጡ። ኦርጅናል ካልሆነ አይቀበሉም። ሞተሩ አለፈ፣ መሪው አለፈ። ወንበሩ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ላሊሶ ኮራ ብለው፣ አጠገባቸው ወደቆምኩት ወደ እኔ እያመለከቱ "አባቴ እንደገዛው ነው። እሷን ጠይቋት፣ እሷ አትዋሽም" አሉ።

ፈታሹ ባትሪ አብርቶ "ክፈቺውና አሳዪን" አለኝ። ጎንበስ አልኩ። ስፖንጁን የከተትኩበት ከረጢት በእኔ ቋጠሮ ታስሯል። ግራኝ ነኝ፤ እንደኔ ወደ ግራ የሚቋጥር ሰፈሩ ውስጥ የለም። ማንም ሳያይ ቋጠሮውን በምላጭ ቆርጬ መዳፌ ውስጥ ደበቅኩት።

"ስፖንጅ ነው" አልኩ። በዚህ እንኳ ባበቃ! "ስረከበውም ስፖንጅ ነበር" ብዬ ጨመርኩ።

ከማኅበሩ አንዱ ጎረምሳ፣ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ "ሽማግሌው! ታዲያ እሁድ እሁድ ስለ እውነት የሚሰብኩልን ማን ናቸው?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ እኔም!

ጋሽ ላሊሶ የተጨበጠ እጄን አዩት። ገብቷቸው ይሆን? "እሷ ካለች ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብለው የመኪናቸውን በር ቀስ አድርገው ዘጉ።

በሳምንቱ ሽምግልናቸውን ተዉ። "ቃሉ የተጠረጠረ ሰው ባልና ሚስት አያስታርቅም" አሉ። ያን ጊዜ እንኳ አፌን አልከፈትኩም።

ዛሬም እሁድ እሁድ በዚያችው ቮልስ ከአስኮ አሮጊቶችን ጭነው ይመጣሉ፣ እኔ በሞላሁት ስፖንጅ ላይ ተቀምጠው። "ደህና ነሽ፣ ልጄ?" ይሉኛል። ደህና ነኝ እላለሁ። ይኸውላችሁ፣ ሌላ ውሸት።

በአይጥ አላመካኝም። ቋጠሮው መርፌ ማስቀመጫዬ ውስጥ አለ። እሁድ ይዤው ጉባኤው ፊት እቆማለሁ፤ ከዚያ የሳቁባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጌ እነግራቸዋለሁ። ጋሽ ላሊሶን ይቅርታ የምጠይቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ስማቸውን ልመልስላቸው።