የድንጋይ ክምር ውሻ

አክስቴ በጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቷ ተደፍታ ትጣራ ነበር። ውሻዋ ከውስጥ ይጮሃል። ድምፁ ታፍኖ ሲወጣ እንስራ ውስጥ የገባ ሰው ይመስላል። ቦታው ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከጎረቤታችን የሽንኩርት ማሳ ጥግ ጥቁር ድንጋይ ተከምሯል፣ ከክምሩ ሥር የጃርት ጉድጓድ አለ። ውሻው ጠዋት ጃርቱን ተከትሎ ገባ፤ ፀሐይ ከረረች፣ አልወጣም።

የውሻው ዘር ኬርን ቴሪየር ይባላል። አክስቴ ቤታቸው ትሠራላቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሲሄዱ የተዉላት ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። በር ስትከፍት ሮጦ የሚቀበላት እሱ ብቻ ነው፤ እኔ አብሬያት እየኖርኩ እንኳ ከስልኬ ቀና የምለው አልፎ አልፎ ነው። ሠፈሩ መጀመሪያ ቡችላ መስሎት ነበር። "መቼ ነው የሚያድገው?" ይሏታል። ዓመት አልፎ ያው ሲሆንባቸው ምግብ ትነፍገዋለች ብለው ያሟት ጀመር። እሱ ግን ሲመጣም ያደገ ነበር። ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ቀበሮ ቀበሮ የሚል፤ ጠጉሩ ከላይ እንደ ሣር ክዳን ሻካራ፣ ከሥሩ ጥጥ። የፊት መዳፎቹ ከኋላዎቹ ይተልቃሉ፤ መቆፈሪያዎቹ ናቸው።

ስለ ዘሩ አንብቤ ነበር። የመጣው ከስኮትላንድ ተራሮችና ደሴቶች ነው። ቀበሮ በድንጋይ ክምር መሃል እየተደበቀ ያስቸገራቸው ሰዎች ተከትሎት የሚገባ ትንሽ ውሻ ፈለጉ፤ ኬርን የሚለው ስሙም ከዚያው ከድንጋይ ክምሩ የወጣ ነው። ፈሪውን እየጣሉ ደፋሩን እያራቡ እዚህ አደረሱት። ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ሳስበው ግን ደስታው ጠፋ። ወደ ኋላ ማለትን ከደሙ ያወጡለት እንስሳ ነው ከታች ያለው።

ጎረቤታችን፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኙን።

"ጋሼ፣ ዶማ ያምጡልንና ይቆፈር" አለች አክስቴ።

"ዛሬ ሚካኤል ነው። አፈር አይነካም።"

አክስቴ ጴንጤ ናት፤ ጥቅስ ከአፏ አይርቅም። "በሰንበት በጉ ጉድጓድ የገባበት ሰው አያወጣውም ወይ ይላል እኮ ጌታ።"

"በግ ነው ያለው። ውሻ አላለም።"

ሳቄ መጣ። አክስቴ ግን አፈሩን በጥፍሯ መጫር ጀምራ ነበር። እሳቸውም አዩት መሰለኝ ወደ እኔ ዞሩ። "ዶማው ከበሩ ኋላ ነው። አንተ አምጣ፣ አንተ ቆፍር። እኔ አያለሁ። ማየት አልተከለከለም።"

ቆፈርኩ። ዶማው ወዲያው ድንጋይ መትቶ ነጠረ። ቦታ ስቀይር አፈሩ ወደ ውስጥ ተናደ፤ ጩኸቱ ቆመ። አክስቴ ስሙን ጠራች። ጩኸቱ ተመለሰ።

"ተው፣ ትቀብረዋለህ" አሉኝ። "ጃርት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጠብቀው። ተወርውሮ ከገባበት እሾሁ ላይ ነው የሚያልቀው።"

ዶማውን ጣልኩና አዳመጥኩ። አክስቴ ስትጣራ ይጮሃል። ስትለምነው ይብስበታል። ትንፋሽ ስትወስድ እሱም ይቀንሳል። ያነበብኩት ያኔ ትዝ አለኝ፤ እነዚህ ውሾች ከመሬት በታች የሚጮሁት ከላይ ያለው ሰው ያሉበትን እንዲያውቅ ነው። የጌታው ድምፅ ለእሱ ና ማለት አይደለም። በርታ፣ ከኋላህ አለሁ ማለት ነው።

"አክስቴ፣ አትጥሪው። የምታዋጊው አንቺ ነሽ።"

"ዝም ካልኩ ትቼው የሄድኩ ይመስለዋል።"

"እንዲመስለው ነው።"

እንደ ጠላት አየችኝ። ደግማ ልትጣራ ስትል ጎረቤታችን "ጨሊሲ" አሏት በኦሮምኛ፣ ዝም በይ፤ ክንዷን ይዘውም ቀስ ብለው አነሷት።

ራቅ ብለን ቆምን። ጮኸ። መልስ ጠበቀ። ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። በመንገዱ ባጃጅ አለፈ። አክስቴ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ነበር። ዝምታው ከጩኸቱ ይከፋ ነበር፤ ቢሞትም ቢወጣም ያው ዝምታ ነው።

መጀመሪያ የታየው ጅራቱ ነው። በኋላው እየተሳበ ወጣ። አክስቴ አፏን ከፈተች፤ በእጄ አፈንኳት። እናቴን የምታህል ሴት አፍ ላይ መዳፌን ስጭን ጥርሷ ተሰማኝ። ውሻው ዞሮ አየን። አፍንጫውና ደረቱ ላይ እሾህ ተሰክቷል፣ ጠጉሩ በደም ተጣብቋል። ጅራቱን አንዴ ቆላና መልሶ ወደ ጉድጓዱ ዞረ። ጎረቤታችን ነጠላቸውን ገፈው ወረወሩበትና በላዩ ወደቁ።

"ፒንሳ" አሉ፣ መሬት ላይ እንዳሉ።

ሮጬ አመጣሁ። እሳቸው እሾሁን አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ እኔ እግሮቹን ይዣለሁ፣ አክስቴ ራሱን አቅፋለች። ስሙን በጆሮው ስታንሾካሹክለት ሰውነቱ ተገተረ፤ ወደ ጉድጓዱ ተወራጨ፣ ከእጃችን ሊያመልጥ ደረሰ።

"እህቴ፣ አሁንም ዝም በይ" አሏት።

ዝም አለች። የመጨረሻው እሾህ እስኪወጣ ድረስ ጉንጯን ግንባሩ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ ያዘችው።