ለዋዛው የሰፋሁት ከረጢት

ባለፈው ሳምንት የአባቴን የስፌት መኪና መሳቢያ ባዶ ሳደርግ፣ ከክሩና ከተሰበረው መርፌ ሥር እጄ ወፍራም ጨርቅ ነካ። ሳወጣው አረንጓዴ ከረጢት ነው። ስዘረጋው ከትከሻዬ እስከ እግሬ ጣት ይደርሳል፤ አንዱ ጫፍ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የመኪና ዘይትና የልብስ ሰፊ ጠመኔ ሸተተኝ። ቅልና ጭስ ሊሸት ይገባው ነበር። ግን ቅል ገብቶበት አያውቅም።

አባቴ ዓይኑ ስለደከመ መኪናውን ለእህቱ ልጅ ሊሰጣት ነው። ዕቃውን የሚወስደው ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ ግን ከረጢቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይከፈታል፤ በየቢሮው በር ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ የቀለም ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣ ነበር። አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ፣ እርሻው አልሆንለት ሲል ከተማ ገብቶ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። በረንዳችን በማንጎ ዛፍ የተከለለ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ሰው አይጠፋበትም። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ካልጮኸ አይሰማማም። በዚያ ክረምት ግን ዝናቡ ሲያባራም ይጮሁ ነበር።

የሚያጯጩሃቸው ሙዚቃዊ ድራማው ነው። የክልሉ የኪነት ቡድን መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ የምታጥብ የአንዲት ልጅ ታሪክ በዘፈን እያዘጋጀ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የየክልሉ ቡድኖች ለሽልማት በሚወዳደሩበት መድረክ ሊያቀርበው ነው። የተዋንያኑን ልብስ የሚሰፋው አባቴ ስለነበረ ወሬው ሁሉ እኛ በረንዳ ላይ ያርፋል። ዋናዎቹ ደጋፊዎች ሦስት ነበሩ። አንዱ ከወለጋ የመጣው የታሪክ መምህሬ፣ ሁለተኛዋ የባህል ቢሮው ታይፒስት፣ ሦስተኛው ጎረቤታችን ያለው ባለ ሱቅ፣ የበርታ ሰው ነው። ልምምድ ሲኖር በሩ ስለሚዘጋ፣ ከአዳራሹ የቀርከሃ አጥር ሥር ቆመው ያዳምጡና ቀጥ ብለው ወደ እኛ ይመጣሉ።

«ዋንጫው አስቀድሞ ስም ተጽፎበታል» ይል ነበር መምህሩ። «እኛን የሚጠሩን ወንበር እንድንሞላላቸው ነው።»

«ያ ኡስታዝ፣ አንተ ሰርግ ቤት ገብቶ ፍቺ ያወራል!» ይለዋል ባለ ሱቁ። «ወላሂ፣ ያቺ ልጅ ወርቅ ሲያጥብ የሚዘፍነው ዘፈን ድንጋይ ያስለቅሳል። ዳኛ ከድንጋይ ይብሳል?»

«ይብሳል እንጂ!» ትላለች ታይፒስቷ። «እኔ የምሠራው ከማን ጋር ሆነና!»

ሲስቁ ሲስቁ ይቆዩና ተመልሰው ይጠራጠራሉ። ያኔ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጠራጠር ነበር። በርታ ስንት ዘፈን ደረሰው፣ ጉሙዝ ስንት፣ ሺናሻ ስንት፣ ማንስ ነው ያደላደለው? መምህሩ የግጥሙ ደራሲ የአንዱን ወገን ዘፈን ሆን ብሎ እንዳሳጠረ ይምል ነበር። አንድ ቀን ታይፒስቷ አባቴን፣ «እናንተ ሰፋሪዎቹስ ስንት ዘፈን አላችሁ?» ብላ ወጋ አደረገችው። አባቴ ከአፉ ክር ሳያወጣ፣ «እኛማ ልብሱ ነን» አለ።

በመጨረሻው ትዕይንት ግን ሁሉም ይስማሙ ነበር። ልጅቷ ከወንዙ ስትመለስ አሥራ ሁለት ሰዎች ዋዛ እየነፉ ይቀበሏታል። ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራቸውን እየጠበቁ ሲነፉ ነው። አንዱ ከጎደለ ዜማው የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። አሥራ አንዱ ለመድረክ በአዲስ ቅል ተሠርተው የከተማው ወጣቶች ያዟቸው። የትልቁን፣ ደረት ውስጥ የሚገባውን ድምፅ ግን ማንም ሊያስመስለው አልቻለም። ስለዚህ ከመንጌ በኩል አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን ዋዛ ይዘው መጡ።

እሳቸው ሲመጡ ባለ ሱቁ አልነበረም። ዕቃ ሊያመጣ ድንበር ድረስ ኩርሙክ ወርዶ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦበት እዚያው ቀርቷል። እሱ በረንዳችን ላይ ቢኖር ኖሮ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ አይመስለኝም።

ሽማግሌው ዋዛቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ወደ አባቴ ሱቅ መጡ። ለመንገድ የሚሆን ልባስ እንዲሰፋላቸው ፈልገው ነው። አባቴ በተዋንያኑ ቀሚስ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ቀና ሳይል፣ «ልጅት፣ የአባባን አንቺ ለኪላቸው» አለኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ሜትሩን በቅሉ አፍ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዞርኩ። ቅሉ ከዕድሜ ብዛት የተነሣ በጭስና በእጅ ወዝ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያበራ ነበር።

ዝምታዬን አይተው ነው መሰለኝ ሊያጫውቱኝ ፈለጉ። በጣታቸው አጥንት የመቁረጫ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ አንኳኩና ሦስተኛው የእኔ መሆኑን በእጃቸው አሳዩኝ። «ያንተ ሲመጣ፣ ሁ! ያንተ ካልመጣ፣ ዝም» አሉኝ በሚችሉት አማርኛ። አንኳኩ። ሦስተኛው መጣ፣ አለፈ። አፌ አልተከፈተም። ደግመው አንኳኩ። አሁንም አለፈኝ። «አንቺ ፈሪ ነው» ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ መምህሩ ከአጥሩ ሥር ፊቱን አጨማዶ መጣ።

«አሥራ አንድ ነው የቆጠርኩት። ትልቁ የለም።»

«ኧረ ሽማግሌው አዳራሽ ውስጥ ናቸው!» አለች ታይፒስቷ። «በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ዋዛውን ይዘውታል፤ አይነፉትም። በጣታቸው እያንኳኩ ተራውን ያሳያሉ፤ ልጆቹ ሲነፉ ደግሞ ወጥተው ደጅ ይቆማሉ።»

«ትንፋሻቸውን ለማን ነው የሚቆጥቡት?»

አባቴ፣ «ሽማግሌ ናቸው፤ ይደክማቸዋል» አለ። መምህሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው በመንገድ ሲያልፉ የበረንዳው ጨዋታ ይቋረጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ከረጢቱን ሊለኩ መጥተው ሳለ ታይፒስቷ እየሮጠች ደረሰች። ቢሮ ደብዳቤ ገብቷል፤ ውድድሩ ታኅሣሥ መባሉ ቀርቶ መስከረም ሆኗል። ቡድኑ በሳምንቱ ይጓዛል። በረንዳው ታመሰ። መምህሩ፣ «አያችሁ? ሳንዘጋጅ ሊይዙን ነው!» እያለ ይጮሃል። ሽማግሌው ብቻ፣ «መስከረም?» አሉ ቀስ ብለው፤ ዝናቡን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጅ፣ ማሽላ ቆሟል። መስከረም የለም። አንቺ ንገር፣ እነሱ።»

ጠርዙ ያላለቀውን ከረጢት እጄ ላይ ትተው፣ ዋዛቸውን በማዳበሪያው ጠቅልለው ሄዱ። እኔ ለእርሻቸው የተጨነቁ መሰለኝ። ሁሉም እየጮኸ ነበር። በመካከል ገብቼ «ማሽላ ቆሟል ብለዋል» ብል ምን ያህል እንደሚስቁብኝ አሰብኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ክር እንድገዛ ላከኝና መናኸሪያው አጠገብ አየኋቸው። ታርጋው የእኛ ክልል ካልሆነ ፒካፕ ጎን ቆመው ከማላውቀው ሰው ጋር ያወራሉ። ሰውየው ዋዛውን ተቀብሎ ከኋላ በጥንቃቄ አስቀመጠላቸውና መኪናው በመንጌ መንገድ ሄደ።

ያን ዕለት ሽማግሌው ልምምድ ቀሩ። መምህሩ ከበረንዳው ጫፍ ጫፍ ይንጎራደድ ጀመር።

«ያያቸው የለም?»

«እኔ አይቻቸዋለሁ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የአባቴ የስፌት መኪና እንኳን ቆመ። ስለ ፒካፑ፣ ስለ ታርጋው፣ ስለማይታወቀው ሰው፣ ዋዛው ከኋላ እንዴት በጥንቃቄ እንደተጫነ ነገርኳቸው። አንዱን ስናገር ሌላውን ይጠይቁኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም ነበር። ሲጣፍጠኝ ይታወቀኛል።

«አለቀ» አለ መምህሩ። «ተወዳዳሪዎቻችን አስቀርተዋቸዋል።»

አባቴ ብቻ፣ «ላንቺስ ያሉሽ ነገር የለም ወይ፣ የኔ ዓለም?» አለኝ።

ማሽላው አፌ ላይ ነበር። ግን ከፒካፑ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ሆነብኝ። ደግሞ፣ ትናንት ለምን አልተናገርሽም ቢሉኝስ?

«ምንም» አልኩ።

የሽማግሌው ስም ከተጓዦቹ ዝርዝር ተሰረዘ። ቡድኑን ከድተዋል የሚል ደብዳቤ ታይፒስቷ ራሷ ጻፈችው፤ በቀበሌያቸው በኩል ተላከ። የእሳቸውን ድምፅ በኦርጋን ሸፍነው አዲስ አበባ ሄዱ። ሲመለሱ ዋንጫ የለም፤ አንድ የምስክር ወረቀት ብቻ፤ ለአልባሳት። አባቴን አቅፈው ሳሙት፤ እሱም ወረቀቱን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። መምህሩ፣ «ያ ሽማግሌ ባይሸጠን ኖሮ!» አለ። እሱ ያለውን በወሩ ከተማው ሁሉ ይለው ነበር።

ባለ ሱቁ ከኩርሙክ የተመለሰው ጥቅምት ላይ ነው። መምህሩ ታሪኩን አጣፍጦ ነገረው። ባለ ሱቁ የያዘውን የሳሙና ካርቶን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«መስከረም? ማሽላ ሳይቆረጥ?»

«ማሽላው ምን አገባው?»

«በእነሱ መንደር ዘር ሲዘራ ዋዛ ይሰቀላል። ማሽላ ተቆርጦ እስኪገባ ሰው አይነፋም። ንጉሥ ቢመጣ አይነፋም። ይሄ የከተማ ልጆች የያዙት የመድረክ ነው፤ የእሱ የአባት ነው። ታኅሣሥ ተብሎ መጣ፣ መስከረም ሲሆን ሄደ። ምን ይሸጣል? ያ ፒካፕም የእኔ አማች ነው፤ መኪና ከወለጋ ገዛ፤ እሱ ራሱ ነገረኝ፣ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ አይቶ ጫነው።»

ታይፒስቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መምህሩ ግን፣ «ታዲያ ለምን ለአንድ ሰው እንኳን አልተናገሩም?» አለ።

ቁልፍ እየሰፋሁ ነበር። መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ አፌ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ አየኝ። እሱ ብቻ ነው ያየኝ። እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም።

አባቴ የምስክር ወረቀቱን በዚያው ሳምንት ከግድግዳው አወረደው።

ታኅሣሥ ላይ አባቴ፣ ባለ ሱቁና እኔ በዚያው ፒካፕ ወደ ሽማግሌው መንደር ሄድን። ከረጢቱን ጠርዙን ጨርሼ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ገና ከመንደሩ ሳንደርስ አማቹ ሞተሩን አጠፋልን። የማሽላው ማሳ ታጭዶ አገዳው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ከማዶ ዋዛዎቹ እየተቀባበሉ ይነፋሉ። ከሥር ከሥራቸው ያ ትልቁ ይመጣል። ልቤ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። በዚያ ክረምት ሁሉ ስንከራከርበት የነበረውን ድምፅ የሰማነው ያን ቀን ነው። ባለ ሱቁ፣ «ዳኞቹን እዚህ ነበር ማምጣት» አለ።

ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉን። ገንፎ በባሚያ ቀረበልን። አባቴ በባለ ሱቁ አስተርጓሚነት ይቅርታ ሲጠይቅ እጃቸውን አወናጨፉ። «ደብዳቤ መጣ። የልጄ ልጅ አነበበ» አሉ።

ከረጢቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጠርዙን በጣታቸው ተከትለው እስከ መጨረሻው ሄዱ። «ጥሩ ሰፋ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቁጣ በሌለው ፊት፣ «ነግሬህ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴ ማሳውን ያይ ነበር።

ከረጢቱን አጣጥፈው መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«ይሄ የመንገድ ነው። ዋዛ ከእንግዲህ መንገድ የለም።»

ከዚያ በኋላ አሶሳ መጥተው አያውቁም። እኔም ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ። ዛሬም ስብሰባ ላይ አንድ ሰው በሌለበት ስሙ ሲነሣ፣ የማውቀውን ለመናገር እጄን ሳነሣ ክንዴ ይከብደኛል፤ ግን አነሣዋለሁ። ሽማግሌው ማረፋቸውን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው፤ አባቴ በስልክ ነገረኝ። ወሩን ጠየቅሁት። ሰኔ ነው አለኝ። ማሽላው ተዘርቷል፤ ዋዛው ተሰቅሏል፤ ሳይነፋላቸው ተቀብረዋል ማለት ነው።

ባጃጁ ጥሩምባውን ደግሞ ነፋ። የስፌት መኪናውን አውጥተው ጫኑት፤ ከረጢቱን አስቀረሁት። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የመቁረጫው ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ሰው አለመኖሩን አይቼ እንደ ሽማግሌው በጣቴ አጥንት አራቱን ማንኳኳት ጀመርኩ። ሦስተኛው ሲመጣ፣ በቀስታ፣ «ሁ» አልኩ።