አባቴን መፈተን ይብቃ

«እስኪ እኔን ይለዩኝ፣ ማን ነኝ?» አለ ዛሬ ከመራዊ የመጣ ዘመዳችን፣ አባቴ ፊት ቆሞ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። ደንገል ብሰጣቸው ዛሬም አጥብቀው ያስሩታል። ስም ግን ይጠፋባቸዋል። ሲጠየቁ ይጨነቃሉ፤ ሲጨነቁ የቀረውም ይሸሻል።

«አንተ ራስህን ካላወቅህ እኔ ምን ላድርግህ?» አሉት።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን እጃቸውን አየሁ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ይቋጥራል፣ ይፈታል።

እንግዳውን እስከ በር ሸኝቼ፣ «ወንድሜ፣ ሁለተኛ ስትመጣ ስምህን ተናግረህ ግባ» አልሁት። ተቀየመ። ይቀየም።

(እኔም ጠዋት የጎረቤቴ ስም ጠፍቶብኝ «እንዴት አደርህ የኔ ጌታ» ብዬ አልፌአለሁ። ማንም አልፈተነኝም።)

ከዛሬ ጀምሮ አባቴን የሚፈትን ሰው እኛ ቤት አይገባም። እናንተስ እንዲህ ያለውን እንግዳ ምን አላችሁት?