በእግሩ የመጣ በሽተኛ

ወንድሜ ከበዴሳ የመጣ ዕለት፣ የደበቀኝ ነገር እንዳለ ከአለባበሱ ጠረጠርኩ። የበቆሎ ነጋዴ ነው፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ መልበስ ይወዳል። ያን ቀን ግን በዚያ ፀሐይ ሰፊ ጃኬት ደርቦ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ክሳቱን ሊሸፍን ነው።

«ራሴን ትንሽ ያመኛል፤ ልመርመር ብዬ ነው» አለኝ።

ለትንሽ ራስ ምታት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሶዶ ድረስ? በዴሳ ጤና ጣቢያ የለም? ጥያቄዬን ዋጥ አድርጌ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። እኔን ውጭ እንድጠብቅ አደረገችኝ። ደም ተወሰደ፣ ውጤት መጣ፣ በሩ እንደገና ተዘጋ። እኔ የማልሰማው ምን አለ? በመጨረሻ ወንድሜ ራሱ ጠራኝ።

«እህቴ ናት፤ ትስማ» አላት።

«ደማቸው ውስጥ የፈንገስ ምልክት አግኝተናል» አለችኝ።

«ፈንገስ? እግር ጣት መሃል የሚወጣው?»

«ይኼ ሌላ ነው። አፈር ውስጥ አለ፤ ሁላችንም እንተነፍሰዋለን። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ግን አንጎል ድረስ ይሄዳል። ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ከጀርባቸው ፈሳሽ መውሰድ አለብን።»

ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው አይነሳም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ልትለማመድበት ይሆን? ብዬም አሰብኩ።

«በእግሩ የመጣን ሰው ለምን ትወጉታላችሁ?» አልኳት።

«በእግራቸው ስለመጡ ነው» አለች። «ራሳቸውን እስኪስቱ ለምን እንጠብቃለን?»

የደወልኩላቸው አክስታችን ከጸሎት ኅብረታቸው ተነሥተው በባጃጅ ደረሱ። ሐኪሟ እንዳትሰማ በወላይትኛ «እምቢ በሉ! ቦምቤ ከተማ የነበረውን አማቻችንን ውሃውን ቀዱት፤ በሳምንቱ ቀበርነው» አሉን።

ሐኪሟም በወላይትኛ «ሆስፒታል ሲደርስ እንዴት ሆኖ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አክስቴ ደነገጡ። «በቃሬዛ ነው ያመጣነው፤ ሰው አይለይም ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወንድሜ ያኔ ነው የተናገረው። «መድኃኒቴን ካቆምኩ ቆይቻለሁ» አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። የገበያ ሰው እንዳያየው ፈርቶ፣ ጤና ጣቢያ መሄዱን ትቶ ኖሯል። «ይውሰዱልኝ» ብሎ ጃኬቱን አወለቀ። የትከሻው አጥንት ወጥቷል።

በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰበሰበ። እኔ ከበሩ ሆኜ ዓይኔን ከሐኪሟ እጅ ላይ አልነቀልኩም። ጠብ ጠብ ያለው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ታዲያ ፈንገሱ የታለ? አልኩ በልቤ። ላቦራቶሪው ግን አገኘው። ገና መጀመሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ተኛ። በደም ሥሩ የሚገባው መድኃኒት ያንዘፈዝፈው ነበር፤ እኔም ነርሷ ብልቃጥ ባነሳች ቁጥር «ምንድን ነው?» እያልኩ አስቸገርኳት። እየቆየ ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ ምግብም ጠየቀ። በእግሩ ወጣ። የኤችአይቪውንም መድኃኒት ሐኪሟ ባለችው ጊዜ እንደገና ጀመረ።

ዛሬ በዴሳ ገበያው ላይ ነው። አክስቴ ያዳነው ጸሎት ነው ይላሉ፤ አልከራከራቸውም። እኔ ማታ ማታ ለወንድሜ እደውላለሁ።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«እስቲ የክኒኑን ዕቃ አንኳኳልኝ።»

ስልኩ አጠገብ አድርጎ ክኒኖቹን ያንሿሿቸዋል። እየሳቀ ነው። እኔ ግን ዋጠው ወይስ አንኳኳው ብቻ እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።