አባባ በጸሎቱ የጠራው ስም

ይህ ነገር የደረሰብን በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን ቅዳሜ ግን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ፤ ሰው ሲጸልይ በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

የምንኖረው ሶዶ ነበር፤ ከገበያው ወደ ላይ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር። አባባ ልብስ ሰፊ ነው። ከሦስት ልጆቹ ትልቁ ማርቆስ በዚያ ዓመት አስተማሪ ሆኖ ቦምቤ አካባቢ ተመድቧል። እኔ ሁለተኛ ነኝ። የመጨረሻዋ ማርታ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቤታችን ይሞቅ ነበር። ትምህርት ይዘጋል። ከቆላ የሚመጡ ሴቶች የመጀመሪያውን የበቆሎ እሸት ተሸክመው በደጃችን ያልፋሉ፤ እማዬ ትገዛና በትልቁ ድስት ትቀቅለዋለች። ለጋ ቅቤና አፍ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አጠገቡ ይቀርባል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኛ በድስቱ ዙሪያ ስንሰበሰብ፣ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ታዲያ እሸት በእኛ ቤት ዝም ተብሎ አይበላም። አባባ ይቆምና እያንዳንዳችንን በስም እየጠራ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። «ማርታን ከኩፍኝ ስላወጣህልኝ» ይላል። «ሚስቴን ወገቧን ስለፈወስክልኝ» ይላል። እኛ ልጆች ስለ እኛ የሚለውን ለመስማት ጆሯችንን አቁመን እንጠብቃለን። በሌላ ጊዜ አባባ ልጁን በፊቱ የሚያሞግስ ሰው አልነበረም።

ማርቆስ ያን ቅዳሜ ለምሳ እንደሚደርስ በነጋዴ እጅ መልእክት ልኮብን ነበር። እማዬ ከጠዋት ጀምራ ስትወጣ ስትገባ ዋለች። ቀትር ሲቃረብ ከዳሞታ ጉም ወረደ። ከአጥራችን ማዶ ያለው የጎረቤታችን ቤት እንኳን አልታይ አለ። ዝናብ የለም፤ ነፋስ የለም። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጸጥ ብሏል።

«ይሄ ዝምታ ደስ አላለኝም» አለች እማዬ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ በዚያ ጉም ውስጥ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ጎመን ይዘው መጡ። የሰኔን ጾም ይዘው ስለነበር እማዬ ቅቤ ያልነካው እሸት ለይታ አስቀመጠችላቸው። ማርቆስን ጠበቅን፤ ጠበቅን። በመጨረሻ አባባ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ይዘገያል። የእሱን አስቀምጡለት፤ እኛ እናመስግን» ብሎ ተነሳ።

ቤት ውስጥ የምንጸልየው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው። አባባ እንደ ልማዱ ጀመረ። ስለ እማዬ አመሰገነ። ስለ ማርቆስ፣ ሥራ ስለ መያዙ። ስለ እኔ፣ ከክፍሌ ሁለተኛ ስለ መውጣቴ። ስለ ማርታ። ስለ ወይዘሮ አስካለ ደግነት። ከዚያ ሳያቋርጥ፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ ልክ እኛን በጠራበት አጠራር እንዲህ አለ፦

«ስለ ጩራሞም አመሰግንሃለሁ። ጌታ ሆይ፣ ጣቶቹን አጽናለት። እንዳይለቅ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። እማዬም ገልጣ ታየዋለች። አባባ ግን እንደጨፈነ ነው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እንዳይለቅ» አለ ደገመና። ጥቂት ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ «እንዳይለቅ» አለ። ከዚያ «አሜን» ብሎ ተቀመጠና በቆሎ አነሳ።

«የማርቆስ አባት» አለች እማዬ፣ «ጩራሞ ማን ነው?»

«የቱ ጩራሞ?»

«አሁን የጸለይክለት።»

አባባ ሳቀ። «እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» አለ። ማናችንም አለመሳቃችንን ሲያይ ግን ወደ እንግዳዋ ዞረ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ ሰምተዋል?»

ወይዘሮ አስካለ ወላይትኛ አጣርተው አይሰሙም። ስሙ ግን አላመለጣቸውም። «ጩራሞ ብለዋል፣ ጋሽ ጴጥሮስ» አሉና አማተቡ።

አባባ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ በጸሎት ግን ቀልዶ አያውቅም። በቆሎውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠው። ከማርታ በቀር የበላ ሰው አልነበረም። እማዬ ዘመዱን ሁሉ ቆጠረች፤ የአባባን ደንበኞች፣ የጸሎት ቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ አነሳች። በአገራችን እንግዳ ስም አይደለም፤ እኛ የምናውቀው ጩራሞ ግን የለም። «የሞተ ሰው ይሆን እንዴ?» ስትል አባባ ተቆጣ።

ማርቆስ ያን ቀን አልመጣም።

በማግስቱ እሑድ፣ ከጸሎት ቤት ተመልሰን እንደተቀመጥን በሩ ተንኳኳ። ማርቆስ ነው። የራሱ ያልሆነ ቡልኮ ለብሷል። ጫማ የለውም፤ ሻንጣም የለውም። ፊቱ ተገርፎ የታሰረ ሰው ፊት ይመስላል። እማዬ ጮኸች፤ አቅፋ አስገባችው። በማሰሮ ውሃ ይዛ እጁን ልታጥበው ስትል ግራ አንጓው ላይ ዓይኗ አረፈ። ጠቁሯል። አራት ጣት በአንድ በኩል፣ አውራ ጣት በሌላው በኩል፤ የሰው እጅ ቆዳው ላይ ታትሞ ቀርቷል።

«ወንዝ ሊወስደኝ ነበር» አለ ማርቆስ። «ስገባበት ውሃው ጉልበቴ አይደርስም ነበር። ለካ ላይኛው አገር ዘንቧል። መሃል ስደርስ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ደራሽ ውሃ ነው። እግሬን ነቅሎ አንከባለለኝ። ዳር ላይ ለከብቶቹ ሣር የሚያጭድ ሰው ነበር። ሮጦ በአንድ እጁ የዛፍ ሥር ያዘ፤ በሌላው እጄን ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላስታውስም። የነቃሁት እቤቱ፣ እሳት ዳር ነው።»

«መቼ ነው ይሄ?» አለች እማዬ።

«ትናንት፣ ቀትር አለፍ ሲል።»

አባባ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ጠየቀ። «የሰውየው ስም ማን ይባላል?»

«ጩራሞ።»

ማሰሮው ከእማዬ እጅ ወደቀ። ማርታ «አባባ የጸለየለት!» ብላ አጨበጨበች። ማርቆስ ምን እንደተፈጠረ ስላልገባው እያንዳንዳችንን በየተራ ያየን ጀመር። ሰዓት የያዘ ሰው ስላልነበረ ደቂቃው መግጠም አለመግጠሙን አላውቅም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። የሰማሁትን ስም ግን ሰምቻለሁ።

በሳምንቱ አባባ፣ ማርቆስና እኔ ሰውየውን ልናመሰግን ሄድን። እማዬ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አስያዘችን። አባባ ካኪ ኮት ሰፍቷል። ማርቆስ ሰውየው ቀጭን እንደሆነ ነግሮት ነበር። አባባ ግን «ከደራሽ ውሃ ሰው የሚነጥቅ ቀጭን አይሆንም» ብሎ በትልቁ ቆረጠው።

ጩራሞ እውነትም ቀጭን ነበር። አጠር ያለ፣ ዝምተኛ ገበሬ። ኮቱን ሲለብሰው እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ፈገግ አለ። ሚስቱ ወተትና የተቀቀለ የቦዬ ሥር አቀረበችልን። ማርቆስ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ጩራሞ አባባን ወደ እንሰቱ ጓሮ ይዞት ወጣ። እኔም ተከተልኩ፤ ሴት ልጅ ናት ብለው ነው መሰለኝ ያባረረኝ የለም።

«ልጅህ ፊት ያልተናገርኩት ነገር አለ» አለ ጩራሞ። «ለቅቄው ነበር።»

አባባ ወደ እሱ ዞረ።

«በልቤ ለቅቄው ነበር። የያዝኩት ሥር መነቀል ጀመረ። ወንድሜ፣ አምስት ልጆች አሉኝ። ‹ይቅር በለኝ› አልኩና ጣቶቼን ልከፍት ሞከርኩ። እምቢ አሉኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልተከፈቱም። እጄ የእኔ አልነበረም። ሌላ ሰው ከላይ ጨብጦ የያዘብኝ ነበር የሚመስለው። ከውሃው ወጥተን እንኳን አልላቀቅ ብለው፣ ሚስቴ ነች በቅቤ እያሸች አንድ በአንድ የፈታቻቸው።»

አባባ ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር። የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እሱ ግን ያን ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ስሙን፣ «እንዳይለቅ» ማለቱን፣ ሦስት ጊዜ ማለቱን።

«ሥሩ ተነቅሎ ቢሆንስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለታችንም ሄደን ነበር» አለ ጩራሞ።

አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ከአባባ አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ጩራሞ እጅጌውን ሰብስቦ ጣቶቹን ረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። አንዴ ጨበጣቸው፤ አንዴ ዘረጋቸው። የፈራ ሰው ነበር፤ እኔም ከእሱ ይበልጥ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ቀና አለና፣

«እንግዲያው ካሁን በኋላ ስትጸልይ የልጆቼንም ስም ጥራ» አለው። «ስማቸውን ልንገርህ።»

አምስቱን ስሞች አንድ በአንድ ነገረው። አባባ እንደ ተማሪ ተቀበለው። አንዱን ሲሳሳት ጩራሞ አረመው፤ አባባም ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ እስኪሞት ድረስ የእኛን ስም ጠርቶ ሲጨርስ ወደ ጩራሞ ቤተሰብ ስሞች ያልፍ ነበር። ምግቡ ቢቀዘቅዝም አንድም ቀን ቅሬታ ያቀረበ የለም። ማርቆስ በሰላም አርጅቶ የልጅ ልጅ አይቷል። ከጩራሞ ልጆች ሦስቱን በኋላ ዘመን አውቄያቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሶዶ ሊማሩ መጥተው እኛ ቤት ነው የከረሙት።

አንድ ጊዜ፣ ካገባሁ በኋላ፣ አባባን ጠየቅኩት። «ያን ቅዳሜ ስትጸልይ ምን ተሰማህ?»

«ምንም» አለኝ። «በቆሎው እንዳይቀዘቅዝ ነበር የማስበው።»

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ መልሱ ነው። ራእይ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

ወንድሜን ስላተረፈልን ዛሬም አምላኬን አመሰግናለሁ። ሊከፍታቸው ሞክሮ ያልተከፈቱለትን ጣቶች ሳስብ ግን ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። ምስጋናውና ፍርሃቱ እስከዛሬ አልተለያዩልኝም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰው ሲጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔ የሚጸልየውን ሰው ከንፈር ነው የማየው።