የሌላ ሰው እጅ የተለጠፈበት ፎቶ

የስልክ ሽቦ ስዘረጋ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ያልወጣሁበት እንጨት የለም። ጡረታ ስወጣ አንድ ፈረንጅ ካሜራውን ሸጦልኝ ወደ አገሩ ሄደ። ሚስቴ «በስተርጅና ምን ነካህ?» አለችኝ። ምንም አልነካኝም። ከወጣትነቴ ጀምሮ የምመኘው ነው። የጓዳዬን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረድኩና ፊልም ማጠብ ለመድኩ። ብዙ ፊልም አበላሽቻለሁ፤ አልዋሽም።

ያኔ በከተማችን ፎቶ መነሣት ማለት መገተር ነበር። ፎቶ ቤቱ ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ከነከረባቱ ሰቅሏል። ገበሬው ገብቶ ይለብሰዋል፣ ሙሽራው ይለብሰዋል፣ አውልቀው ይሄዳሉ። ግማሹ ነቀምቴ የተነሣው በዚያ ኮት ነው። እኔ ግን ሰውን የማነሣው በሥራው ላይ ነው።

ካነሣሁት ሁሉ የምወደው የሥራ ጓደኛዬን ፎቶ ነበር። እኔ ከጎጃም የመጣሁ፣ እሱ የግምቢ ልጅ፤ ሃያ ዓመት አብረን እንጨት ወጥተናል። እኔ ጡረታ ስወጣ እሱ ገና ሥራ ላይ ነበር፤ እንጨቱ ጫፍ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ በቀኝ እጁ ሽቦ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ነው ያነሣሁት። ከቀኝ እጁ አንድ ጣት የለም። ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ነው የወሰደበት። ፎቶው ላይ ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ታሞ ሞተ። በዕድሜው ከዚያ ሌላ ፎቶ አልተነሣም። ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ መጣና «ለለቅሶው ላስተልቀው፣ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅኩም፤ ጅል ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ስገባ ጓደኛዬ ኮት ለብሶ ጠበቀኝ። ያንኑ የምስማሩን ኮት! ፎቶ ቤቱ የጓደኛዬን ራስ ከአንገቱ ቆርጦ ሌላ ሰው ገላ ላይ ለጥፎታል፤ የሚስቀውን አፉን በቀለም ዘግቶታል። ጉልበቱ ላይ ሁለት እጆች ተዘርግተዋል። ቆጠርኳቸው፤ አሥር ጣት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት ወንድሙን።

«ጋሼ፣ ቀስ በል፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የማን እጅ ነው?»

«ታዲያ እንደ ጦጣ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ይለቀስለት? ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ እኮ።»

«አንተን ያስተማረህ እዚያው እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነው!»

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ ጎጃሜ፣ ለቅሶ ቤት ነገር አታንሣ። ኮቱ አምሮበታል።»

አምሮበታል ይሉኛል! በዕድሜው ኮት ያልነበረውን ሰው።

ይሄኔ የጓደኛዬ ሚስት ልታለቅስለት ወደ ፎቶው ቀረበች። ደረቷን ልትመታ እጇን አንሥታ ቀጥ አለች። «ሐርኪ ኩን ከን ኢሳ ሚቲ» አለች። ይህ እጅ የእሱ አይደለም ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ያጎረሰኝን እጅ አላውቀውም? ማንን ነው የምታስለቅሱኝ?»

ወንድሙ መሬት መሬት ያያል።

ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ፊልሙ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ጓዳ ገብቼ መዳፍ የምታክል ፎቶ አጠብኩና ገና ሳትደርቅ ይዤ ተመለስኩ። ወንድሙ በር ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ በእግዜር፣ ሰው ይስቅብናል።»

እሷ ከእጄ ነጠቀችው። «ይሳቅ፤ እሱስ እየሳቀ አይደል?» አለች። ትልቁን ፎቶ ጀርባውን አዞረችና ትንሿን እላዩ ላይ አስደገፈች። ጣቷን በጎደለው ጣት ቦታ ላይ አድርጋ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ፎቶ ቤቱ ያንን ጉድ አንድ ለራሱ አስቀርቶ በሩ መስተዋት ላይ ሰቀለው። ሰዉም እያየ የሞተበትን ሰው ፎቶ እያመጣ ኮት ያስለብሳል። ሄጄ ባለቤቱን «አውርደው!» አልኩት።

«ሰው ወዶታል፣ አባባ» አለኝ።

«እንግዲያው ከሥሩ ጻፍበት። ራሱ የማን እንደሆነ እኔ እነግርሃለሁ፤ እጁ የማን እንደሆነ አንተ ጻፍ።»

ፎቶውን ትኩር ብሎ አየ፤ ራሱን አከከ። እሱም አያውቀውም።